ስለ ጊዜ አጠቃቀም ማወቅና ጊዜን መጠቀም

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከሚወስዷቸው የጋራ ትምህርቶች አንዱ የጠቅላላ ሥነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት ትምህርት ነው። ትምህርቱ ግብ ማውጣትን፣ የጊዜ አጠቃቀምንና የአጠናን ዘዴን ያካትታል። የይዘቱ መመረጥ ተገቢ ነው፤ አሰጣጡ ግን ሊጤን ይገባል። የጊዜ አጠቃቀምን ትርጉም በፈተና ወረቀት ላይ አሟልቶ የጻፈ ተማሪ፣ የዚያኑ ትምህርት የቤት ሥራ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ሊጀምር ይችላል።

የዚህ ክፍተት ምክንያት ከክህሎቶቹ ባሕርይ ይመነጫል። በሥነ ልቦና ጥናት ኤግዘኪዩቲቭ ፈንክሽን የሚባሉት ራስን የመምራት ክህሎቶች፣ አዴል ዳይመንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የዳሰሳ ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ ሦስት መሠረቶች አሏቸው፤ እነርሱም ግፊትን መግታት፣ መረጃን በአእምሮ ይዞ መሥራትና እንደ ሁኔታው አስተሳሰብን መለወጥ ናቸው። ማቀድና ችግርን መፍታት በእነዚህ ላይ ይገነባሉ። የሚዳብሩትም በልምምድ እንጂ ትርጉማቸውን በማወቅ ብቻ አይደለም። ልምምዱም ቢሆን ከእውነተኛው ሥራ ከተነጠለ ጥቅሙ ጠባብ ነው። ሜልቢ ሌርቫግና ሀልም በዚያው ዓመት ቀደምት ጥናቶችን አጠቃልለው ባቀረቡት ትንተና፣ የትውስታ ማጠናከሪያ መልመጃዎች ወደ ንባብና ሒሳብ ችሎታ ስለመሻገራቸው አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

ስለዚህ ድጋፉ መሰጠት ያለበት ተማሪው በየሳምንቱ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው። የሴሚስተር ጽሑፍ የሚያዝ መምህር አንድ የማስረከቢያ ቀን ብቻ ከመስጠት ይልቅ ለርዕስ፣ ለንድፍና ለረቂቅ የተለያዩ ቀናት ቢወስን፣ ተማሪው ትልቅ ሥራን መከፋፈል በተግባር ይለምዳል። አማካሪም «በርትተህ አጥና» ከማለት ይልቅ «መቼ፣ የት፣ በምን ትጀምራለህ? እንቅፋት ቢገጥምህስ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ጊዜና ቦታ የተቆረጠለት ዕቅድ ከመልካም ምኞት ይልቅ ወደ ድርጊት የመለወጥ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዐዋቂ ስለሆነ እንዲህ ያለ ክትትል አያሻውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ለማቀድና ራስን ለመግታት የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መዳበሩን ይቀጥላል። ትናንት ውሎውን ቤተሰብና የትምህርት ቤት ደወል ይመሩለት የነበረ ወጣት፣ ዛሬ በዶርም ቀኑን ሙሉ ራሱ እንዲያስተዳድር ይጠበቅበታል። ድጋፉ ጥገኝነትን እንዳይፈጥር በመጀመሪያው ሴሚስተር ጠበቅ፣ በሁለተኛው ላላ እያለ ሊሄድ ይገባል። በተማሪ ብዛት የተጨናነቀ መምህርም ብቻውን ስለማይወጣው፣ ነባር ተማሪዎችን አሠልጥኖ በአጋዥነት ማሰለፍ ያስፈልጋል።

በውጤት ማነስ ከትምህርት ገበታው የሚሰናበት ተማሪ ሁሉ የመማር ችሎታ ያነሰው አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ከማሰናበታቸው በፊት፣ ሥራን ጀምሮ መጨረስን አለማምደውት እንደሆነ ራሳቸውን ሊጠይቁ ይገባል።