ቅይጥ ሁሉ ሐሰት አይደለም

በአገራችን ስለ ወርቅና ስለ ብር ሲነገር ቅይጥ የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይቈጠራል። መዳብ የገባበት እንደ ሆነ አንጥረኛው አታለለ ይባላል። ነገር ግን ቅድመ አያቶቻችን የተገበያዩበት፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ራሱ ቅይጥ ነበረ፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ አንዱ መዳብ። አንጥረኞችም ያንኑ እያቀለጡ መስቀልና ድሪ ሠርተውበታል።

እኔ የምለው፣ ስለ ቅይጥ ስንማር ስንት ተጨመረ ብለን ከጠየቅን በኋላ የት ተቀመጠ ብለንም እንጠይቅ ነው። በቀለጠ ብር ውስጥ ለመዳቡ አቶም የተወሰነ መቀመጫ የለውም። የዛሬ ሊቃውንት ግን አቶሙን እየቈጠሩ የሚሠሩት ናኖክላስተር የሚባል እጅግ ደቃቅ ነገር አለ። ከታወቁት አንዱ 25 የወርቅ አቶሞች ሲኖሩት ቅርጹ የታወቀው በ2008 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አንዱ አቶም መካከል ይቀመጣል፤ 12ቱ ይከቡታል፤ የቀሩት 12 ሁለት ሁለት እየሆኑ በ6 ማሰሪያ ውጭውን ይይዛሉ። በየማሰሪያው ድኝ ያለባቸው 3 ሞለኪውሎች አሉ፤ በድምሩ 18። ሊጋንድ የሚባሉት እነዚህ ባይኖሩ ክላስተሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተራ ወርቅ ይሆኑ ነበር። (በሱሉልታ ብርድ ያለ ጋቢ የወጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።)

አሁን እንቀይጠው። አንድ የፓላዲየም አቶም ቢገባ የመካከሉን መቀመጫ ይይዛል፤ ብር ሲገባ ግን መካከሉን ትቶ ከከበቡት ከ12ቱ ዘንድ ይቀመጣል። ከቀይ ባሕር ማዶ በሳውዲ ዓረቢያ፣ የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2015 ባለ 25 አቶም የብር ክላስተር አሳዩ፤ ከዚያም የመካከሉን ብር በአንድ ወርቅ ቢለውጡት ከቀድሞው ይልቅ የጸና፣ ብርሃን የመስጠት ኃይሉም የበረታ ሆነ። ከ25 አንዱን ብቻ!

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ የሀብታም አገር ትምህርት ነው፣ እኛ ምን መሣሪያ አለን ይላሉ። እርግጥ ነው፣ የአቶምን መቀመጫ በኤክስ ሬይ የሚመረምር መሣሪያ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይጠበቅም። ነገር ግን 25 ድቡልቡል ለመሥራት የሚበቃ ሸክላ አፈር ከእንጦጦ ወዲህ መቼ ጠፋ? የኬሚስትሪ ክበባችን በስንጥር አያይዞ፣ የመካከሉን በሌላ ቀለም ቀብቶ በወላጆች ቀን ቢያሳይ መልካም ነው። መምህራኖቻችንም በፈተና ላይ ከቅይጡ መቶኛ ጋራ የአቶሙን ስፍራ ቢጠይቁን አንከፋም። አፈሩን እኔ አመጣለሁ፤ ስንጥር የሚያዘጋጅ ይፈለጋል።