ባሕር የለንም፤ ጎርፍ ግን አለን

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ የባሕር ዳር ከተሞች ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ በናይል ደለል ጫፍ ያለችው እስክንድርያ ባሕሩ ከፍ እያለ ስላስቸገራት ዳርቻዋን በኮንክሪት ታጥራለች። ያ ደለል ግን በአብዛኛው በዓባይ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ አፈሩ እዚያ አይደርስም፤ ከኛ ዘንድ መታጠቡ ግን አልቆመም።

አየሩ ሲሞቅ ብዙ እርጥበት ይይዛል፤ ዝናቡም ሲወርድ በኃይል ይሆናል። በጮቄ ተራራ ጅብራና አስታ የነበረበት ተዳፋት ታርሶ ገብስ ተዘርቶበታል። ጎርፉን ማን ይያዘው? ቢቸናና ሞጣ ከሥር ናቸው።

መድኃኒቱ እርከንና ክትር መሆኑን ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል። ግን ራሳችንንም እንውቀስ፤ ባለፈው ክረምት በዘመቻ የተከልነውን ችግኝ ተመልሶ ያየ ከመካከላችን ማን ነው? ከብት በላው።

በጠመኔ ብቻ የሚገታ ጎርፍ የለም። ነገ ስንመደብ በየትምህርት ቤታችን ግቢ ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ እርከን እንሥራ፤ በየዓመቱም እንጠግነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።