የላሊበላ ሠራተኛ ምን ያስረዳ?

ሥራ ፈላጊ ከወዳጅ ዘመዱ ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አለ፤ «ለምን ለቀቅህ ሲሉህ ተቀነስኩ እንዳትል!» የሚል። ራሴን ለማሳደግ ብዬ ነው፣ ትምህርት ጀምሬ ነበር፣ የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው፤ ብቻ የፈለገው ይባል፣ «ቅነሳ» የሚለው ቃል ከአፍ አይውጣ። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው። ከላሊበላ ለመጣ የሆቴል ሠራተኛ ግን ካለመጥቀሙ አልፎ ይጎዳል።

ያለፉትን ዓመታት በላስታ በኩል ማየት ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገሪቱ መገኘቱ ተነገረ፤ እንጀራዋ በእንግዳ የቆመው ከተማ እንግዳ አጣች። ያ ሳያልፍ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ፈነዳ፤ ሐምሌ 29 ቀን ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ኅዳር 2014 የመንግሥት ጦር መልሶ ያዛት፣ በቀናት ውስጥ እንደገና ተወሰደች፣ ታኅሣሥ ላይ ዳግም ተመለሰች። ሐምሌ 2015 ደግሞ በፋኖና በመከላከያ ውጊያ በረራ ተቋረጠ። ይህን ሁሉ አገር ያውቀዋል። ታዲያ እንግዳ ተቀባዩ ቀጣሪ ፊት ቀርቦ እንደ ግል ኃጢአቱ የሚናዘዘው ምኑን ነው?

ሕጉም ቢሆን ነገሩን አላምታታም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጥፋት መሰናበትን ለብቻው፣ የሠራተኛ ቅነሳን ለብቻው አስቀምጧል። ለተቀነሰ ሠራተኛ ከስንብት ክፍያው ሌላ የመጨረሻ ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። በጥፋት ለተባረረ እንዲህ ያለ ጭማሪ የለም። አሠሪው እንዲሰጥ የሚገደደው የምስክር ወረቀትም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው፤ የለቀቀበት ምክንያት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕግ ያልጠየቀውን ቀጣሪው ምን አስጠየቀው?

ቀጣሪዎች መልስ አላቸው፤ እንዲያው የሚናቅም አይደለም። አዋጁ በቅነሳ ጊዜ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ቅድሚያ አግኝተው ይቆዩ ይላል። ስለዚህ «የወጣው ደካማው ነው» ብሎ መጠርጠር ሥር አለው። መቶ ሠራተኛ ካለው ድርጅት አሥሩ ተለይተው ሲወጡ ጥያቄው ያስኬዳል። ሆቴሉ እንዳለ ሲዘጋ ግን ማን ከማን ተመረጠ? ወጥ ቤቱም፣ ጥበቃውም፣ ሥራ አስኪያጁም በአንድ በር ነው የወጡት።

የሥራ ማመልከቻ ቅጹ ጣጣ ደግሞ ይብሳል። በሚያዝያ 2012 በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንግዳ የሌለው ሆቴል ግን ከየት አምጥቶ ይክፈል? ስሙ መዝገብ ላይ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሠራተኛ «ሥራ ያቆሙበት ቀን» በሚለው ክፍት ቦታ ምን ይሙላ? በግሉ የሚሠራው አስጎብኚማ ጭራሹን ደብዳቤ የሚጽፍለት የለውም። ጎብኚ ይዞ አሸተን ማርያምን ሲወጣ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲደርስ የኖረ ሰው «መልቀቂያና ክሊራንስ አምጣ» ይባላል። ከማን? ከመንገዱ?

ነገሩ የላስታ ብቻ አይደለም። ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ውሳኔው የመነጨው ዋሽንግተን ነው፤ ማስረዳቱ ግን ለነርሷ ተረፈ።

ውሸቱ የሚያስከትለው ኪሳራም አለ። «በፈቃዴ ለቀቅሁ» ያለ ሰው በአንድ የስልክ ጥሪ ሊጋለጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ንጹሑ ሠራተኛ በገዛ አፉ አጭበርባሪ ሆኖ ይገኛል። «ሐምሌ 2013 ሆቴሉ ተዘጋ፣ ሁላችንም ወጣን» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለሥራው ይዋል፦ ለገና ከተማው በምዕመን ሲጥለቀለቅ ክፍል እንዴት እንደደለደለ፣ መብራት በጠፋበት ሰሞን ወጥ ቤቱ በምን እንደሠራ፣ በስንት ቋንቋ እንግዳ እንደሚያስተናግድ። የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ሆቴሎችም ከማመልከቻ ቅጻቸው ላይ «የለቀቁበት ምክንያት» የምትለዋን መስመር ሰርዘው ይህንኑ ይጠይቁበት።