ከሣጥን የወጣ ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዓምድ እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ ተናግረን ነበር። ዛሬ ከጓዳ ወጥተን ወደ እልፍኝ እንገባለን። ነገራችንም በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ሰዓት፣ ቤት ውስጥ በተገኘ ጨርቅ፣ በመርፌና በክር ቤትን ስለ ማስጌጥ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «የፍርድ ቤት ጸሐፊን ከመርፌ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የክርክር መዝገብ ቅጠሉ እንዳይበተን በወስፌ እየበሳን በክር የምንሰፋው እኛው ነን። ከዚያም አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን፣ እናቱ በሩቅ አገር ያለች ተማሪ የተቀደደ ልብሱን ራሱ ይጥፍ ነበር እንጂ የሚጥፍለት ሰው አልነበረውም። መምህራችን የብራናን ቀዳዳ በጅማት ሲሰፉም አጠገባቸው ተቀምጠን አይተናል። በኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት ወንዱም ሴቱም በሳምንት አንድ ቀን መርፌ ይዞ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ የትራስ ልብስ አሰፋፍን የተማርነው በዚያ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለወይዛዝርት ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ነገሩ የተነሣው እንደዚህ ነው። ባለፈው ጥር የአማታችን የሰባት ዓመት መታሰቢያ በእኛ ቤት እንዲሆን ተቈረጠ። ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን ነውና ባለቤታችን ቤቱን ዞራ አየችው። የትራሶቹ ልብስ ደብዝዟል፤ የመስኮቱም መጋረጃ ፀሐይ በልቶት ሲነኩት ይቀደዳል። ወደ መርካቶ ወርደን የተሰፋውን ብንጠይቅ፣ የተጠየቅነው ዋጋ ከወር ደመወዛችን እኩሌታ የሚበልጥ ሆነ። ለእንግዳ ተብሎ የተገባ ዕዳ እንግዳው ከሄደ በኋላ ከቤት ለመውጣት እንዴት እንደሚቸግር በሥራችን ብዙ ጊዜ ስለምናይ፣ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በቤታችን ሣጥን ውስጥ ግን አንድ ጨርቅ ነበረ። እርሱም የአማታችን የሐበሻ ቀሚስ ነው። ደረቱ ላይ ባለ መስቀል ጥልፍ ያለበት፣ ዘርፉ ሰፊ ጥለት የዞረበት፣ ድሩና ማጉ የጠበቀ ጥሩ ሽመና ነበር። ሟቿ ካረፉ ወዲያ ዕቃቸው ሲከፈል አልጋው፣ መሶቡ፣ የመዳብ ድስቱ ሁሉ ያለ ክርክር ተከፈለ። ቀሚሱ ላይ ሲደርስ ግን ሦስቱ እኅትማማች መስማማት አልቻሉም። ታላቂቱ «እኔ አስታምሜአለሁ» አለች፤ ታናሺቱም «እኔን ለብሳው ድራኛለች» አለች። ባለቤታችን መካከለኛይቱ ስለ ሆነች «እስክትስማሙ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብላ ወሰደችው። ሰባት ዓመት ተቀመጠ። በነዚያ ዓመታት ታላቂቱና ታናሺቱ ለልቅሶ ካልሆነ በቀር አንዲቱ የሌላይቱን ደጅ አልረገጠችም። በመዝገብ ቤት ሆነን እንደ ታዘብነው፣ የአንድ እናት ልጆች የሚካሰሱት በመሬት ብቻ አይደለም። ዋጋው በገበያ ከምንም የማይቈጠር ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከመሬቱ ይልቅ ይከብዳል።

ሣጥኑን ስንከፍት ቀሚሱ በታጠፈበት መሥመር ሳስቶ፣ ቢጫም ሆኖ፣ አንዱን ትከሻ አይጥ ቀምሶት አገኘነው። ልብስን ለብዙ ዘመን ማስቀመጥ ግድ ቢሆን፣ አጥቦና ፈጽሞ አድርቆ ማስገባት፣ በየስድስት ወሩም አውጥቶ በነፋስ መምታትና እጥፉን በሌላ መሥመር መለወጥ ይገባል። እኛ ይህን አላደረግንም። ባለቤታችን ጥቂት አልቅሳ «ከዚህ ወዲያ ማንም ሊለብሰው አይችልም» አለች። እኛም «እንግዲያስ ለትራስ ይሁን» ብንል፣ «በእናቴ ቀሚስ ላይ መቀስ ላንሣ?» ብላ ደነገጠች። በመጨረሻ ለሁለቱም እኅቶቿ በስልክ ነገረቻቸው። ታላቂቱ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «የእምዬን ቀሚስ የምትቈርጪው ከሆነ ቆሜ ልየው» አለች። ታናሺቱም ያንኑ ቃል ተናገረች። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ሦስቱም በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጐኑ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ ፊቱ በሁሉም ወገን 43 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቈረጣል፤ ትርፉ ለስፌቱ ነው። አሮጌ ሽመና ብቻውን ስለማይጠነክር በልኩ የአቡጀዲ ገበር ይደረግለታል። ጀርባው ከአቡጀዲ በሁለት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ርዝመቱ 43፣ ወርዱ 29 ነው። የሁለቱንም አንዳንድ ረጅም ጠርዝ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ጊዜ፣ ደግሞም አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለተኛ ጊዜ አጥፎ መቀምቀም ነው። እንግዲህ ሁለቱ ቁራጮች መካከል ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ይደራረባሉና፣ አዝራርም ዚፕም አያስፈልግም። ትራሱ በዚያ ይገባል፤ ለማጠብም በዚያ ይወጣል። ታጥቦ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አቡጀዲ ለስድስት ትራስ ገበርና ጀርባ ሦስት ሜትር ከሩብ ይበቃል።

ፊቱን ከገበሩ ጋር በሰፋፊ ስፌት ጣል ጣል አድርጎ ማያያዝ፣ በመልካሙ ገጽ ወደ ላይ ማንጠፍ፣ ሁለቱን የጀርባ ቁራጮች መልካም ገጻቸው ወደ ታች ሆኖ መደረብ፣ ከዚያም አራቱን ጐን ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ መስፋት ነው። በእጅ የሚሰፋ ሰው መርፌውን ወደ ፊት ብቻ አያስኪድ። በየእርምጃው ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢወጋ ስፌቱ የመኪና ያህል ይጠነክራል። የሽመና ጨርቅ ቶሎ ስለሚተረተር ጠርዙን ዙሪያውን መዘምዘም አይቀርም። የአራቱን ማዕዘን ጫፍ ከስፌቱ በላይ ቈርጦ መገልበጥ ነው፤ ይህ ካልተደረገ ማዕዘኑ ይወፍራል። ለአንዱ ትራስ በእጅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ጥለት ያለበትን ጨርቅ የሚቈርጥ ሰው ከጠርዝ አይለካ። የጥለቱን መካከል ፈልጎ፣ በዚያ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቶ፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ይለካ። ታላቂቱ ዋርሳችን ይህን ስንነግራት በክንድና በስንዝር ለካችው፤ ከእኛም ሜትር ጋር ምንም ልዩነት አልተገኘበትም። መቀሱን ግን ማንም ለማንሣት አልደፈረም። በመጨረሻ ታላቂቱ አማተበችና አይጥ በቀመሰው ትከሻ በኩል ጀመረችው። የመጀመሪያው የመቀስ ድምፅ ሲሰማ ታናሺቱ ፊቷን መለሰች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ጨርቁ እንዳይጨማደድ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችላት።

ከቀሚሱ ዘርፍ ባለ ጥለት አምስት ፊት ወጣ። ስድስተኛው የደረቱ ጥልፍ ነበር፤ እርሱም አንድ ብቻ ነው። ያ የሰባት ዓመት ነገር እንደ ገና ሊነሣ ሲል፣ ታናሺቱ «ዕጣ እንጣል፣ እትዬ» አለች። ታላቂቱ «በእናት ደረት ላይ ዕጣ አይጣልም፤ በየዓመቱ መታሰቢያዋን የሚያዘጋጅ ያኑረው» አለቻት። እኛ ይህን የመሰለ ውሳኔ በችሎት ሰምተን አናውቅም። ጽፈን ልናስፈርም አሰብንና ተውነው።

ስለ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀይና ጥቁር ጥለት ብዙ ጊዜ ቀለሙን ይለቃል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ጫን አድርጎ ማየት ነው፤ ነጩ ከቀላ ጥለቱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ማጠብ፣ በፍጹምም ከነጭ ጋር አለመዘፍዘፍ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ራሳችን በችኰላ አንድ ቀይ ጥለት ከአዲስ አንሶላ ጋር አጥበን፣ ባለቤታችን እስከ ዛሬ ትጠቅስብናለች። ደግሞም የዛሬ ዘመን ጥለት ብዙው ሰው ሠራሽ ክር ስለ ሆነ የጋለ ካውያ ያቀልጠዋል። ከዳር አንድ ክር መዝዞ በእሳት መፈተን ይቻላል፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ቀልጦ እንደ ጨሌ ይደድራል።

መጋረጃው ከዚህ ይቀላል። አቡጀዲውን ከመቍረጥ በፊት ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ አድርቆም መተኰስ ነው፤ ጥጥ ይሰበሰባልና፣ ሳይታጠብ የተሰፋ መጋረጃ በመጀመሪያው እጥበት ከመስኮቱ አጥሮ ይቀራል። የጨርቁ ወርድ ከመስኮቱ ወርድ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይሁን። መስኮቱ አንድ ሜትር ከ20 ቢሆን ጨርቁ ከአንድ ሜትር ከ80 አይነስ። ከቁመቱ ላይ ለዘንጉ መግቢያ 8፣ ለታችኛው ቅምቅማት 12 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ከአሮጌ ነጠላ ደህናውን ጥለት ቈርጦ ከታችኛው ቅምቅማት በላይ ቢለጥፉበት፣ ተራው አቡጀዲ በእልፍኝ የሚያኰራ ይሆናል። የእኛን ረጅሙን ስፌት የሠፈራችን ልብስ ሰፊ በመኪና በጥቂት ብር ሰፋልን፤ ልኩንና ቅዱን ራስ ካደረጉት ሰፊው የሚጠይቀው ትንሽ ነው።

መካከሉ የሳሳ አንሶላ አይጣል። በቁመቱ ለሁለት ቀዶ፣ ያልሳሱትን ሁለቱን ዳር መካከል ላይ አጋጥሞ ሰፍቶ፣ የሳሳውን ወደ ዳር ማውጣትና መቀምቀም ነው። ጋቢም አራት ድርብ ስለ ሆነ፣ ላዩ ሲያልቅ ውስጡ ደህና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ፈትቶ ለሕፃን አልጋ ማድረግ ይቻላል። የጆንያ ቁራጭ ሁለት እጥፍ ተሰፍቶ ለደጃፍ እግር መጥረጊያ ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ግን ፕላስቲክ ነውና ለዚህ አይረባም፤ ያንሸራትታል።

በመታሰቢያው ዕለት እንግዶች በትራሶቹ ላይ ተደግፈው ዋሉ። አንድ ሽማግሌ ዘመድ ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህን የት ነው የማውቀው?» ብለው ጠየቁና፣ ሦስቱም እኅትማማች በአንድ ጊዜ መለሱላቸው። የሚመጣውን ዓመት መታሰቢያ ታናሺቱ ስለ ወሰደች ትራሱ ማታውኑ ወደ እርሷ ቤት ሄደ። ቅምቅማቱ በአንድ ወገን ገና አላለቀም ነበርና፣ ታላቂቱ «ማክሰኞ መጥቼ እጨርስልሻለሁ፤ ነጭ ክር ግዢ» አለቻት።

ከሁሉ የተረፈው ቁርጥራጭ ጥለት አንድ ስንዝር ያህል ነው። እርሱን በአቡጀዲ ዙሪያ ለጥፈን የቡና ትሪ ልብስ እየሰፋን ነው፤ ሁለቱ ጐን አልቋል።