የዋይፋይ ሣጥኑ የማኅበሩ ነው፤ የውስጡ ቁልፍስ በማን እጅ ነው?

የገጠሩ ሥራ ከስልክና ከኢንተርኔት ጋር እየተሳሰረ በመጣ ቁጥር የማኅበራት መሪዎች የሚመክሩበት ጉዳይ በማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በወፍጮ ብቻ የሚያበቃ አልሆነም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ወደ ገጠር ገበያ ሳይቀር ገብቷል። ስለሆነም በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለጽሕፈት ቤቱ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ትንሽ ሣጥን፣ በተለምዶ ራውተር የሚባለውን፣ ገዝቶ የሚተክል ማኅበር ይህን ዕቃ እንደ መጋዘን ቁልፍና እንደ ሚዛን ሊጠብቀው ይገባል። ሲገዛ የሚጠየቀው ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋውና የሚደርስበት ርቀት ብቻ ነው። በውስጡ ያለውን ትእዛዝ ማን እንደሚያድስ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጣው ማስጠንቀቂያ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ፋብሪካዎቻቸው ማደስ ያቆሙላቸው አሮጌ ራውተሮች በወንጀለኞች ከሩቅ እየተያዙ፣ የሌላ ወንጀል መሸሸጊያ እንዲሆኑ እንደሚከራዩ ቢሮው አስታውቋል። የሣጥኑ ባለቤት ይህን አያውቅም፤ መብራቱ እንደ ወትሮው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ቢሮው የመከረው አሮጌውን በአዲስ መተካት፣ ካልተቻለም ሣጥኑን ከሩቅ ለማዘዝ የሚያስችለውን በር መዝጋትና አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ለአንድ የደጋ ገብስ አምራች ማኅበር ግን በየጥቂት ዓመቱ አዲስ መግዛት ቀላል ወጪ አይደለም። በዚህ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም የፋብሪካውን የውስጥ ፕሮግራም አውጥቶ ክፍት የሆነውን መተካት ነው።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ማንን እንደሚያስገባ፣ ማንን እንደሚከለክል፣ ሬዲዮው በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ የሚያዝዘው በማስቀመጫው ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሲሆን ፈርምዌር ይባላል። ፋብሪካው የጻፈው ፈርምዌር አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ቀዳዳ ቢገኝበት መድፈን የሚችለው ፋብሪካው ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ፊቱን ወደ አዲስ ሞዴል ካዞረ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል።

ክፍት ፈርምዌር የተወለደበት ታሪክ ለማኅበራት ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሊንክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብሊው አር ቲ 54 ጂ የተሰኘ ራውተር ለገበያ አቀረበ። በዓመቱ ባለሙያዎች ውስጡን ሲመረምሩ ሊነክስ በተባለው ክፍት ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ሆኖ አገኙት። የሊነክስ የአጠቃቀም ፈቃድ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል፤ ያሻሻለውን ለሌላ የሚሰጥ ግን ጽሑፉን እንዳይደብቅ ያስገድዳል። ኩባንያው በዚህ ግዴታ ጽሑፉን ይፋ አደረገ። ከዚያ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው ክፍት ፈርምዌር ተጀመረ። ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ይታደሳል፣ ዋጋም አይጠየቅበትም፣ ከተለያዩ ፋብሪካዎች በወጡ እጅግ ብዙ ሞዴሎች ላይም ይሠራል።

ነገሩን ከዘር ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ድቅል በቆሎ ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ነገር ግን ዘሩ በየዓመቱ ከሻጭ ይገዛል። የደጋው ገብስ ደግሞ ከአውድማው ተመርጦ ለከርሞ ይቀመጣል፣ ለጎረቤትም ይበደራል። ዝግ ፈርምዌር እንደ መጀመሪያው፣ ክፍቱ እንደ ሁለተኛው ነው። ሆኖም ከጎተራ የወጣ ዘርም የሚያበጥረውና ከነቀዝ የሚጠብቀው ሰው ካጣ እንደሚበላሽ መዘንጋት የለበትም።

ክፍት ፕሮግራም ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ክፍት ፕሮግራም ነው።

ተራራና ገጠር ያስገኙት ልምድ

የመብራት መቆራረጥና የመልክዓ ምድር ገደላማነት የስሜን ብቻ ችግር አይደለም። በሂማላያ ተራሮች ሥር በምትገኘው ዳራምሳላ በተባለች የህንድ ከተማ፣ የህንድ መንግሥት ዋይፋይን ከቤት ውጭ መጠቀም እንደፈቀደ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 የመረብ ግንኙነት ተዘረጋ። ሥራው የተከናወነው ክፍት ፈርምዌር በተጫነባቸው ተራ ራውተሮች ነበር። በዚያው ወር 8 ተቋማት ተገናኙ፤ ኋላም መረቡ ከ30 በላይ ሣጥኖችና ከ2000 በላይ ኮምፒውተሮች ያሉት ሆነ። አንዱ ሣጥን መብራት ሲጠፋበት ሌሎቹ መልእክቱን በሌላ አቅጣጫ ያስተላልፉ ስለነበር ለተራራማው አገር ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ርካሹን የቤት ራውተር ይህን እንዲሠራ ያስቻለው የፈርምዌሩ መለወጥ ነው።

ከአፍሪካ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ የሚገኘው የማንኮሲ ገጠር ይጠቀሳል። ዜንዜሌኒ የተባለው መረብ ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሮ በነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥር ገባ። ስሙ በኮሳ ቋንቋ «ራሳችሁ አድርጉት» እንደማለት ነው። በመጀመሪያ የተጠቀሙባቸው ሣጥኖች ክፍት ፈርምዌር የነበራቸው ሲሆን ኃይል ያገኙ የነበረው ከፀሐይ ነው። ከባትሪው የተረፈው ኃይል ስልክ እየሞላ ለማኅበሩ ገቢ ያስገኝ ነበር። ከሁሉ በላይ መጤን ያለበት ግን ማኅበሩ የአገሩን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጠይቆ ከፈቃድ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ወረቀት በእጁ መያዙ ነው።

ለደባርቅና ለዳባት ምን ይበጃል?

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጫፍ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ሊማሊሞን ቁልቁል ይወርዳል። በአምባው ላይ ያለው ግንኙነት ከገደሉ ሥር ላለው ቀበሌ ላይደርስ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ራውተርም ከግቢ ብዙ አያልፍም። አቅጣጫ ባለው አንቴና፣ እይታ የሚጋርድ ጉብታ ሳይኖር፣ በኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ማገናኘት ቢቻልም ይህ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ሌላ ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አለመሆናቸው ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። እንዲህ ባለ ጊዜም ቢሆን በጽሕፈት ቤቱ ያለ ሣጥን በግቢው ውስጥ ስልክን ከስልክ፣ ስልክን ከኮምፒውተር ማገናኘቱን አያቆምም። የፍላሽ ማስገቢያ ባለውና በቂ ማስቀመጫ ባለው ራውተር ላይ ክፍት ፈርምዌር ሲጫን የተማሪዎች መጻሕፍት፣ የልማት ሠራተኛው ያመጣቸው የሰብል እንክብካቤ ቪዲዮዎችና የማኅበሩ የዋጋ ሰሌዳ በፍላሽ ተቀምጠው አባላት ያለ ኢንተርኔት በስልካቸው ሊያዩአቸው ይችላሉ። ለአንድ ቀበሌ የመጀመሪያው ጥቅም ምናልባት ይኸው ነው።

የመጫኑ ሥራ

መጫኑ ረቂቅ ሥራ አይደለም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። ቀዳሚው ተግባር ሣጥኑን ገልብጦ የሞዴሉን ስምና የስሪቱን ቁጥር ማንበብ ነው። አንድ ስም የያዙ ሣጥኖች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የሊንክሲስ ራውተር በ5ኛው ስሪቱ ማስቀመጫው ተቀንሶ ሊነክስም ወጥቶለት ነበር፤ መልኩና ስሙ ግን ያው ነበር። ቲፒ ሊንክ ደብሊው አር 841 ኤን በተባለው ርካሽ ራውተርም ብዙዎቹ ስሪቶች 4 ሜጋባይት ማስቀመጫና 32 ሜጋባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ስላላቸው የዛሬው ኦፕን ደብሊው አር ቲ አይበቃቸውም። ቢያንስ 8 እና 64፣ ቢቻል 16 እና 128 ያለው መመረጥ አለበት። ይህ ከመግዛት በፊት እንጂ ከገዙ በኋላ የሚጠየቅ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለዚያው ስሪት የተዘጋጀውን ፋይል ግንኙነት ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር ማመሳከር፣ የፋብሪካውንም ፈርምዌር ለመመለሻ መያዝ ነው። ሦስተኛው፣ ኮምፒውተሩን ከሣጥኑ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ማገናኘት ነው። አራተኛውና ዋናው የመብራት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሣጥኑ የማይነሣ ግዑዝ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለአንዳንዱ ሞዴል ማዳኛ ዘዴ ቢኖረውም ጥንቃቄው ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው በባትሪ መደገፍ አለበት። ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ 9 ቮልት የሚሻም ስላለ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ይነበብ። በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር የሚወስድ ሣጥን 6 ዋት ይፈጃል፣ በ24 ሰዓትም 144 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የፀሐይ መሣሪያ የሚገዛ ማኅበር ይህን ማስላት አለበት።

ጭነቱ ሲያበቃ ሣጥኑ በ192.168.1.1 አድራሻ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ዋይፋዩ እንደተዘጋ ነው፣ የይለፍ ቃልም የለውም። ስለዚህ በቅድሚያ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይሰጠው፤ ቀጥሎ የአገር ምርጫው ኢትዮጵያ ተብሎ ሬዲዮው ይከፈት። የሬዲዮውን ኃይል ከተፈቀደው በላይ ማሳደግ ሕግ መጣስና የሌላውን ግንኙነት ማወክ ነው።

ሕጉና የማኅበሩ ውሳኔ

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መገጣጠምን፣ ከውጭ ማስገባትንና መሸጥን፣ ያለ ፈቃድ አገልግሎት መስጠትንም በጽኑ እስራት ያስቀጣል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የፈቃድና የሬዲዮ ሞገድ ቁጥጥርን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። በግቢ ውስጥ ለራስ መጠቀምና ኢንተርኔትን ለመንደር መሸጥ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለመዘርጋት ወይም ገንዘብ ለመቀበል የሚያስብ ማኅበር አስቀድሞ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ሊጠይቅ፣ መልሱንም በመዝገብ ቤት ሊያኖር ይገባል።

ክፍት ፈርምዌር ለሁሉም ማኅበር ይበጃል ማለት አይደለም። አንድ የሚሠራ ሣጥን ብቻ ያለውና ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሌለው ማኅበር ያንን ሣጥን ባይነካ ይሻለዋል። መጀመር ያለበት ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ መጋዘን ውስጥ በተጣለ አሮጌ ራውተር ላይ፣ ከቀበሌው ከተመረጡ ቢያንስ ሁለት ወጣቶች ጋር ነው። ሁለት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕውቀቱ በአንድ ወጣት ራስ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ወጣቱ ለሥራ ወደ ጎንደር ወይም ወደ መተማ በሄደ ማግስት ማኅበሩ የፋብሪካውን ጥገኝነት በአንድ ሰው ጥገኝነት ለወጠ ማለት ነው። አብዛኛው መመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የኮምፒውተር መምህራንና ተማሪዎች አንዲት ገጽ የአማርኛ መመሪያ ቢያዘጋጁ ለብዙ ቀበሌ ትበቃለች።

የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር ይቀመጥ፤ የሞዴሉ ስሪት፣ የተጫነበት ቀንና የጫኙ ስም በንብረት መዝገብ ይስፈር፤ እድሳት መውጣቱንም የቁጥጥር ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ይጠይቅ። ወፍጮ ተተክሎ አንድ መለዋወጫ በመጥፋቱ ዓመት ሙሉ ሲቆም የአባላት መዋጮ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የማኅበር መሪ የለም። የዋይፋይ ሣጥን መለዋወጫው በክፍት ፈርምዌር ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የሚቀረው ጠያቂና ተረካቢ ሰው ማዘጋጀት ሲሆን ይህም በጠቅላላ ጉባኤ የሚወሰን የማኅበሩ ሥራ ነው።