የተማሪው ሠንጠረዥና የነጋዴው ደብተር

የንግድ ሥራ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ገንዘብ፥ ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ገንዘብ ኖሮት ሒሳብ የሌለው ነጋዴ፥ ማትረፉን ሳያረጋግጥ ይደሰታል፤ መክሰሩንም የሚያውቀው ካዝናው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ዛሬ ሒሳብን በመኪና መሥራት የተማሩ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ ሒሳብ የቸገረው የንግድ ቤትም በአጠገባቸው አለ። ዳሩ ግን ሁለቱ ሳይገናኙ ይኖራሉ። ይህም ለሁለቱም ወገን ጉዳት ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬን ያገኛል። ይህ ደጋ ገብስ፥ ባቄላ፥ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚያበቅል አገር ነው። ከዚህ ደጋ ወጥቶ በጎንደር የሚማር አንድ ተማሪ ይታሰብ። ኤክሴል የሚባለውን የሒሳብ ሠንጠረዥ ይማራል፤ ረድፍና ዓምድ መለየትን፥ ቀመር መጻፍን፥ መደመርና ማባዛትን ያጠናል፤ ፈተናውንም አልፎ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ አጎቱ ነጭ ሽንኩርት እየገዙ ጎንደር ወስደው ይሸጣሉ። ሒሳባቸው ግን ከፊሉ በቃል፥ ከፊሉ በአሮጌ ደብተር ጠርዝ ላይ ነው። ተማሪው «ደብተሩን ያሳዩኝ» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፤ አጎቱም «ይህ ልጅ ስለ ገበያ ምን ያውቃል» ብለው ይተዉታል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የተማረው ትምህርት ከራሱ ይጠፋል፤ የአጎቱም ሒሳብ እንደ ቀድሞው ይቀራል።

ይህ መለያየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ 10 ኩንታል ማለት 1,000 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፥ ኪሎውን በ100 ብር ገዝቶ በ120 ብር ሸጠ እንበል። በቃል የሚሠራው ሒሳብ ቀላል ነው፤ በኪሎ 20 ብር ስለ ተረፈ ትርፉ 20,000 ብር ነው ይላል። ነገር ግን ሽንኩርቱ ሲደርቅና ሲበላሽ ከመቶ 8 እጅ ቢጎድል፥ የሚሸጠው 920 ኪሎ ብቻ ነው፤ ገቢውም 110,400 ብር ይሆናል። ለመኪና ኪራይና ለጫኝ 5,000 ብር፥ ለማዳበሪያ ከረጢት 600 ብር፥ ለደላላ 2,000 ብር ቢከፈል፥ ወጪው በጠቅላላ 107,600 ብር ይደርሳል። እንግዲህ የተረፈው 20,000 ብር ሳይሆን 2,800 ብር ነው። ጉድለቱ ከመቶ 8 ወደ 12 ቢያድግ ደግሞ የሚሸጠው 880 ኪሎ፥ ገቢውም 105,600 ብር ስለሚሆን፥ ነጋዴው 2,000 ብር ይከስራል። ዋጋው አልተለወጠም፤ ገበያውም አልከዳውም፤ የከዳው ያልተመዘገበው ጉድለት ነው።

የሒሳብ ሠንጠረዥ ጥቅሙ በዚህ ላይ ይታያል። ከመቶ 8 የሚለውን በአንድ ሴል ውስጥ ጽፎ፥ ሌሎቹን ቀመሮች ከእርሱ ጋር ያያያዘ ሰው፥ ያን አንድ ቍጥር ወደ 12 ቢለውጠው የቀረው ሁሉ በቅጽበት ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት፥ በስንት ብር ቢሸጥ እንደሚያዋጣው አስቀድሞ ማየት ይችላል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ፥ ጉድለቱ ከመቶ 8 ሲሆን፥ ኪሎው ከ117 ብር በታች ከተሸጠ ኪሳራ ነው። ይህን ከደላላ ጋር ከመነጋገሩ በፊት የሚያውቅ ነጋዴና ሽጦ ከጨረሰ በኋላ የሚያውቅ ነጋዴ እኩል አይደሉም።

ይህን መሣሪያ ያሰበው ሰው ራሱ ተማሪ እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ. ም. ዳን ብሪክሊን በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲሠሩ፥ አንድ ቍጥር በተለወጠ ጊዜ ተከታዮቹን ሁሉ እያጠፉ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋቸው ነበር። ብሪክሊን ይህን ድካም አይቶ ሰሌዳው ራሱን እንዲያርም ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ፤ ከባልንጀራው ከቦብ ፍራንክስተን ጋርም ቪዚካልክ የሚባለውን መርሐ ግብር ሠርተው በ1979 ዓ. ም. ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ በ1983 ሎተስ 1-2-3፥ በ1985 ደግሞ ኤክሴል ተከተሉ። ነገሩ የተጀመረው ለታላላቅ ሊቃውንት ጥበብ ተብሎ ሳይሆን፥ ከቍጥር ጋር በየቀኑ የሚታገል ሰው ድካሙ እንዲቀልለት ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጸናው በየቀኑ ሲሠሩበት ነው። በትምህርት ቤት የሚሰጠው መልመጃ የተመረጠ ቍጥር አለው፤ ድምሩም አስቀድሞ ይታወቃል። የገበያ ቍጥር ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ ደረሰኝ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ግማሹ በዱቤ፥ ግማሹ በእጅ ይከፈላል፤ አንድ ደንበኛም በሁለት ስም ይመዘገባል። ተማሪው ይህን ሲያስተካክል ሒሳብን ብቻ ሳይሆን ንግድንም ይማራል። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ሠርቶ የዕለቱን ግዢና ሽያጭ የሚያስገባ ሰው፥ በዓመቱ መጨረሻ ከማንም አሠልጣኝ የማይገኝ ዕውቀት ይኖረዋል።

ይሁን እንጂ መኪናው የሰጠውን ቍጥር ሁሉ ማመን አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ. ም. ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የሚባሉ ዕውቅ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ መንግሥታት ዕዳ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። በ2013 ዓ. ም. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ የኤክሴል ሠንጠረዣቸውን ሲመረምር፥ አማካዩን የሚያወጣው ቀመር ከ20 አገሮች መካከል 5ቱን ሳያካትት እንደ ቀረ አገኘ። ዕዳቸው እጅግ የከበደ አገሮች ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 ከመቶ ነው ተብሎ የነበረው፥ ሄርንደንና መምህራኑ ይህንና ሌሎቹን የአሠራር ጉድለቶች አርመው ሲያሰሉት 2.2 ከመቶ ሆነ። በነጋዴ ቤትም ይኸው ይደርሳል፤ ከድምሩ በታች አዲስ ረድፍ ሲጨመር ቀመሩ ካልተከተለው፥ የሰሞኑ ሽያጭ ሳይደመር ይቀራል፤ መኪናውም አንዳች ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላል። «ያልተገላበጠ ያራል» እንደሚባለው፥ የሠንጠረዡን ድምር በሳምንት አንድ ጊዜ ከካዝናው ገንዘብና ከመጋዘኑ ዕቃ ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ፤ እርሱም የዘመን አቈጣጠር ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የአውሮፓን ቀን ነው። የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ. ም. ለማለት 30/6/2017 ብሎ የጻፈ ሰው፥ መኪናው በአውሮፓ ሰኔ 30 ብሎ ስለሚይዘው ስሌቱ ሁሉ ይዛባል። ጥቅምት 30ን በ30/2 ቢጽፈው ደግሞ አውሮፓ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራል፤ ጳጉሜንን ግን ጭራሽ አያውቃትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው የበጀት ዓመት ሒሳብ በወር በወሩ ሳይደባለቅ ይለያል።

ከነጋዴዎች ወገን የሚነሣውን ሥጋት መስማት ያስፈልጋል። አንዳንዱ «ሒሳቤን ልጅ ካየው ምሥጢሬ ይወጣል» ይላል፤ ሌላው ግብርን ያስባል። ግን ያልተጻፈ ሒሳብ ነጋዴውን ራሱን ይጎዳዋል። ለምሳሌ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ባለሱቅ 15 ከመቶ ታክስ ያለበትን ዕቃ በጠቅላላው በ2,300 ብር ቢሸጥ፥ ታክሱ 300 ብር ነው፤ ምክንያቱም 15 ለ115 ተካፍሎ በ2,300 ይባዛል። በቃል የሚያሰላው ግን የ2,300 ብር 15 ከመቶ ብሎ 345 ብር ያደርገዋል፤ በዚህም 45 ብር ይሳሳታል። ሒሳቡን በሥርዐት የያዘ ሰው ከግብር ሠራተኛ ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል፤ ያልያዘው ግን በግምት ሊፈረድበት ይችላል።

የመብራትና የኢንተርኔት ችግርም ይነሣል፤ ይህም እውነት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የማያስታውስ ነጋዴ የለም። ነገር ግን በኮምፒዩተር ላይ የተጫነ የሒሳብ ሠንጠረዥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራት ሲጠፋም የዕለቱን ሒሳብ በወረቀት መዝግቦ፥ ሲመጣ ወደ ሠንጠረዡ ማስገባት ይቻላል። ወረቀቱም አይጣልም፤ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ምስክር እርሱ ነው።

እንግዲህ የሚደረገው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ የንግድ ቤት አንድ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ቢቀጥር፥ ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍለው፥ ምሥጢር እንዲጠብቅም ውል ቢያስፈርመው በቂ ነው። መጀመሪያ የአንድ ዕቃ የአንድ ወር ሒሳብ ብቻ ይሰጠው፤ ድምሩ ከካዝናው ጋር ሲስማማ ሌላው ይጨመርለት። የንግድ ምክር ቤቶችም ነጋዴውንና ትምህርት ቤቱን የማገናኘቱን ሥራ ቢይዙ ለአባሎቻቸው ትልቅ አገልግሎት ነው። ተማሪውም በበኩሉ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከመቀመጥ ይልቅ፥ በትሕትና ወደ አጎቱ ቀርቦ «ደብተሩን ያሳዩኝና አብረን እንሥራ» ይበል። ነጋዴው የሽንኩርቱን ጉድለት፥ የደላላውን ጠባይና የመንገዱን ወጪ ያውቃል፤ ተማሪው ይህን ሁሉ በረድፍና በዓምድ ማኖርን ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ ዕለት፥ ከኮሶዬ ደጋ እየተጫነ የሚወርደው ዕቃ ለባለቤቱ ምን እንደሚያመጣለት አስቀድሞ ይታወቃል።