ቆጠራው ሰመራ ላይ፣ ማህተሙ አዲስ አበባ
የቱሪስት ቪዛ ማራዘምን ለሚወስኑ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባለው መስመር እንግዳ እያስተናገድሁ የምተዳደር አስጎብኚ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ቪዛ አሰጣጥ አይደለም። በዚያ በኩል ብዙ ተሠርቷል። ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ቪዛ ያወጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አፍሪካውያን ወንድሞቻችን ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። እኔን ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እንግዳው ገብቶ፣ አገሩን ወዶ፣ የተሰጠው 30 ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚገጥመው አሠራር።

ነገሩ ለምን በአፋር እንደሚብስ ልንገራችሁ። ቱሪስት መጀመሪያ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ሐረርን አይቶ ኤርታሌንና ዳሎልን ለማሳረጊያ ያስቀምጣል። ስለዚህ ቪዛው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ እኛ ጋ ሲደርስ ነው። ወቅቱም አያግዝም። በረሃው ለሰው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ገናና ጥምቀት ደግሞ እዚያው መሐል ይውላሉ፣ ቢሮ ይዘጋል። የዓርብ የምሳ ሰዓትን፣ ቅዳሜና እሁድን ስትጨምሩበት «ገና አምስት ቀን አለኝ» ብሎ የተዝናና እንግዳ የሥራ ቀን ሲቆጥር ሁለት ብቻ ይተርፉታል።

በዚያ ላይ የአፋር መሬት የማንንም ፕሮግራም አይጠብቅም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጡ፣ ሕዝብ ከቀየው ተነሥቶ ሲሰፍር፣ አስፋልቱ ተሰንጥቆ ሁላችንም አይተናል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከኤርታሌ ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ ያለ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከዚያ በፊት ሲፈነዳ ሰው ጽፎ ያቆየው ነገር የለም። አመዱ አፍዴራን አለበሳት፣ ወደ ዳናክል ሲያልፉ የነበሩ ጎብኚዎችና አስጎብኚዎችም እዚያው ቆሙ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን አልፎ ሕንድ ሰማይ ላይ ስለ ደረሰ፣ እዚያ ድረስ በረራ ተሰርዟል። የዓለም አየር መንገዶች ለዚያ አመድ መርሐ ግብራቸውን ሲለውጡ፣ አፍዴራ የተቀመጠው ሰው ፓስፖርት ላይ ያለው ቀን ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

ቀኑ ሊያልቅበት የደረሰ ሰው ምን ያድርግ? ማመልከቻ በኢንተርኔት ማስገባት ይቻላል ይባላል፤ ሲሠራ መልካም ነው። አንዲት ወረቀት ከጎደለች፣ ወይም ከፍሎ መልስ ከጠፋ ግን ስልክ ስንደውል የምንሰማው አንድ ዓይነት ነው፦ «ባለጉዳዩ ራሱ በአካል ይቅረብ።» የት? አዲስ አበባ። ከሰመራ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ያውም በሚሌና በገዋኔ በኩል፣ ከጅቡቲ በሚመላለሱ ተሳቢዎች መሐል እየተጋፉ። አውሮፕላን አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ለአንድ ማህተም ደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጦ፣ እዚያ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ሲባል ሆቴል ይዞ፣ ተመልሶ በረሃ የሚገባ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሰዎቹ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ጉዞውን ቆርጠው ይሄዳሉ። የአፍዴራ ባለግመልና የሎጊያ ባለምግብ ቤት የቀረባቸውን ገንዘብ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የለም።

በዚህ መንገድ ፈቃድ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ፣ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ሊያይ በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወረደ። የመንግሥት ፈቃድ በእጁ ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደ ተጓዘ ግን ፊት ለፊቱ ባለው አገር ግጭት አለ ተብሎ «ተመለስ» የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ተመለሰ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ደጅ ጠና፣ ፈቃዱ ሲታደስለት እንደገና ወደ ቆላው ወረደ። አውሳ ዘልቆ ሱልጣን መሐመድ ያዮን አገኘ፤ ወንዙ የሚያልቅበትን የአቤ ሐይቅን አየ፤ በታጁራም ወጣ። ያን ጊዜ የነበረውን መንግሥት አልወቅሰውም። ከአዋሽ ጣቢያ ወዲያ እጁ ብዙም አይደርስም፤ እንግዳ ቢሞትበት ጣጣው ከባድ ነው፤ የሚወስን ሰውም ከአዲስ አበባ በቀር አልነበረውም።

ዛሬስ? ሰመራ የክልል መናገሻ ከሆነች ቆየች። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ኮሚሽን አላት። አንድ ዳኛ እዚሁ ተቀምጦ ሰውን ለዓመታት ወህኒ የሚያወርድ ፍርድ ይሰጣል። ለአንድ ጡረተኛ ጀርመናዊ ሁለት ሳምንት የሚጨምር ፊርማ ግን እዚህ አይገኝም።

ጸጥታ ትላላችሁ፤ እኔም እላለሁ። አፋር የሁለት አገር ድንበር ነው። በዚህ በረሃ ወደ ጅቡቲው ወደብ ወደ ኦቦክ የሚነዱትን የወገኖቻችንን ልጆች በዓይናችን የምናይ ሰዎች ቁጥጥር ይላላ አንልም። ነገር ግን ማጣራት የሚቀልለው ሰውዬው ባለበት ቦታ ነው። ያደረበትን ሆቴል፣ የጫነውን ሾፌር፣ አጅቦት የወጣውን የአካባቢ ሚሊሻ ጠይቆ በግማሽ ቀን ማወቅ የሚቻለው እዚህ ነው። አዲስ አበባ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ፓስፖርቱን ብቻ ነው።

ከርቀቱ የባሰ ነገር አለ፤ እሱም ቆጠራው ነው። ቀን ያሳለፈ እንግዳ ቦሌ ላይ በቀን ሂሳብ በዶላር ይቀጣል። ይህ ትክክል ነው፤ በቸልታ የቆየ ይክፈል። በቀኑ አመልክቶ መልስ ሲጠብቅ ቀኑ ያለፈበትስ? እናንተ ያዘገያችሁትን ቀን እሱ ነው የሚከፍለው? እኔ ለዚህ ሁለት ተቃራኒ መልስ ከሁለት ሠራተኛ ሰምቻለሁ። አንዱ «ደረሰኙን ካሳየ ችግር የለም» ይላል፤ ሌላው «ማህተሙ ከሌለ ደረሰኝ ምን ያደርጋል» ይላል። እንግዳዬን በየትኛው አምኜ በረሃ ላስገባው? በብሪታንያ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈቃዱ ሳያልቅ ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ የቀድሞ ፈቃዱ አብሮት ይዘልቃል። ታይላንድ 1,900 ባት አስከፍላ 30 ቀን የምትጨምረው በየክፍለ አገሩ ባለ የኢሚግሬሽን ቢሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በረራ ሲያቋርጥ ደግሞ አገሯ ውስጥ የቀሩትን የውጭ ዜጎች ማንም ሳይሰለፍ ቪዛቸውን በጅምላ አራዘመችላቸው። ታይላንዶች እንግዳ ስለሚወዱ ብቻ አይመስለኝም። እንግዳው አንድ ሳምንት ሲጨምር የት የት እንደሚያወጣው ቆጥረውታል።

መልሱ ተጽፎ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ጉዳይ አስፈጻሚ ይበቅላል። «እኔ አውቃለሁ፣ እዚያ ሰው አለኝ» የሚለው አሁን ሰመራ ድረስ ስልክ ቁጥሩ ይታወቃል። ከሚጠይቀው ብር ውስጥ የመንግሥት ክፍያው የቱ ነው፣ የእሱ ድካም የቱ ነው፣ የሌላ ሰው ድርሻስ አለበት ወይ፤ እንግዳው አያውቅም፣ እኔም ደፍሬ መማል አልችልም። ይህን ሰው በፖሊስ ከማሳደድ ይልቅ ሥራ ማሳጣት ይቀላል። ዋጋውን፣ የሚያስፈልገውን ወረቀትና የሚወስደውን ቀን ጽፋችሁ ከለጠፋችሁ ማን ይፈልገዋል?

የምጠይቃችሁ ታላቅ ነገር አይደለም። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅሁም። የተሟላ ማመልከቻ ሰመራ ላይ ተቀብሎ፣ ፓስፖርቱን ከሰውዬው ጋር አመሳክሮ የሚፈርም አንድ ሥልጣን ያለው ሠራተኛ መድቡ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ቢሆንም ይበቃል። አዋሽ ለአዲስ አበባ ስለሚቀርብ ለእሱ አልሟገትም፤ የሄደ በቀኑ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ እንደ ሃይሊ ጉቢ ያለ ነገር ሲመጣ፣ መንገድ መዘጋቱን የክልሉ መንግሥት ባሳወቀበት ቀን፣ በአካባቢው ላሉ እንግዶች ቆጠራው እንዲቆም የሚያደርግ መመሪያ ይኑራችሁ። መሬት በተሰነጠቀ ቁጥር ባለሥልጣን በስልክ እየተለመነ አይሆንም።

ሁለቱም ጊዜ የሚፈልጉ ከሆነ እስከዚያው ለአንዲት ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ስጡን። ቪዛው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ያመለከተ፣ ውሳኔው ግን ካለቀ በሦስተኛው ቀን የደረሰው እንግዳ ቦሌ ላይ ይቀጣል ወይስ አይቀጣም? «ይቀጣል» ከሆነም ጻፉት። በአማርኛ፣ በአፋርኛና በእንግሊዝኛ አድርገን በሰመራ፣ በሎጊያና በአዋሽ ሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ላይ እንለጥፈዋለን፤ የማተሚያውን እኛ አስጎብኚዎች እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰመራ አስጎብኚ